ሐይቁን ያረሱት ሰው

ጋሽ ይመር መሞታቸውን የሰማሁት ልብስ ስተኩስ ነው። ወንድሜ ሰይድ በስልክ ድምፁን ቀርጾ ልኮልኝ፣ «ሰዓዳ፣ ጋሽ ይመር ወደ አኼራ ሄዱ። ትናንት ከዙህር በኋላ ቀበርናቸው። አብሽሪ» ይላል። ኢንና ሊላህ አልኩ። ከዚያ የጀመርኩትን እጅጌ ተኩሼ ጨረስኩ። ሌላውንም እጅጌ ተኮስኩ፣ አንገትጌውንም ተኮስኩ። የቤቱ እመቤት ገብታ ልብሱን ወሰደች። ምን ሆነሻል አላለችኝም፤ ፊቴ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም።

የምኖረው ጅዳ ነው። ከሐይቅ ከተማ ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል። ጋሽ ይመር በሥጋ ዘመዴ አይደሉም። ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር አብረን ሠርተናል፤ እርሳቸው አስጋሪ፣ እኔ ዓሣውን እየመዘንኩ ተረካቢ። አገሩ የሚያውቃቸው ግን ባለቤቴን ኑሩን ሐይቅ ውስጥ ለዓመታት የፈለጉ ሽማግሌ በመሆናቸው ነው። ኑሩ ጦርነቱ ከተማችን በገባበት ቀን ጀልባ እንደተሳፈረ ቀረ። ይሙት ይኑር እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ እኔም ባለ ባል ልሁን ባሏ የሞተባት አላውቅም። ሸሆቹን ስጠይቅ «እስኪታወቅ ጠብቂ» አሉኝ። እየጠበቅሁ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው የጋሽ ይመርን ነገር ያለዚህ መረዳት ስለማይቻል ነው።

የአምባሰል ሰው ናቸው፤ ከውጫሌ በላይ፣ ማሳው ገደል ላይ ከተንጠለጠለበት። በልጅነታቸው በድርቅ ምክንያት ወደ ሐይቅ ወርደው አስጋሪ ቢሆኑም ገበሬነቱ አልለቀቃቸውም። ጀልባቸውን «ዳልቻ» ነበር የሚሉት፤ የአባታቸው በሬ ስም ነው። ጠዋት ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው ያገለድሙና፣ ቢስሚላህ ብለው፣ የጀልባውን ጎን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል። «በል እንግዲህ ዳልቻ፣ ፀሐይ ሳትበረታ» ይሉታል። መሀል ላይ ሲያዞሩት «ተመለስ» ሲሉት ድምፃቸው ዳር ድረስ ይሰማል። ወጣቶቹ ይቀልዱባቸዋል።

«ጋሽ ይመር፣ ዳልቻ ዛሬ ጭድ በላ?»

«በልቷል። አንተ ነህ እንጂ ቁርስህን ሳትበላ ወሬ የምታመነዥክ።»

ለውጥ መጣ በተባለበት ሰሞን ነው መሣሪያዋ ማኅበራችን የደረሰችው። ያኔ ሁሉም ነገር ይመጣል ይባል ነበር፤ ብድሩ፣ ማቀዝቀዣው፣ አስፋልቱ። ከተባለው ውስጥ በእርግጥ የመጣችው እርሷ ናት። ከስልክ ተለቅ የምትል፣ ጀልባ ላይ የምትገጠም ስክሪን ናት። በሽቦ የተያያዘች እንቁላል የምታህል ነገር አለቻት። እንቁላሏ ውኃ ውስጥ ሆና ድምፅ ወደ ታች ትልካለች፤ ድምፁ ዓሣውን ወይም የሐይቁን ወለል ነክቶ ሲመለስ ስክሪኑ ላይ ይሣላል። በስክሪኑ ሌላኛው ግማሽ ደግሞ ከሳተላይት እየተቀበለች፣ ጀልባው የት እንዳለና በየት በየት እንዳለፈ በመስመር ታሳያለች። አሠልጣኙ ሶናር ነው፣ ጂፒኤስ ነው እያለ አስረዳን። ጋሽ ይመር «ቲቪዋ» አሏት፤ በዚያው ቲቪዋ ሆና ቀረች።

ዕቃ ስለማይሰብሩ አደራ የተሰጠችው ለእርሳቸው ነው። አሠልጣኙ በሄደ ማግሥት ይዘዋት ወጡ። ጥልቀት በሚጻፍበት ቦታ ላይ ሁለት ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። መሀል ሐይቅ ደረሱ፤ ያው ሰረዝ ነው። ድሮም ሐይቁ ወለል የለውም ይባል ስለነበር ወሬው በሳምንቱ ገበያውን ሞላው፤ ከሰማይ ተጠይቆ እንኳ ወለሉ አልተገኘም ተባለ። ሽማግሌዎቹ «እኛስ ምን አልን» አሉ። በመጨረሻ አሠልጣኙ ተጠርቶ መጣ። ወደ ጀልባው ቢወርድ፣ እንቁላሏ በፌስታል ተጠቅልላ፣ በሲባጎ ታስራ፣ ከውኃው በላይ ተንጠልጥላለች።

«ምነው ጋሽ ይመር?»

«ውድ ዕቃ ናት ብለኸኝ የለም? እንዳትረጥብ ነዋ።»

«ውኃ ውስጥ ካልገባች እኮ አታይም።»

ጋሽ ይመር ፌስታሉን ቀስ ብለው ፈቱ፤ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ዳር የቆምነው ሁሉ ስንስቅ እርሳቸው አልሳቁም። «እንግዲያው እንደ ሰው ዓይን ናት፤ ካልረጠበች አታይም» አሉ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ሲሄዱ የሚናገሩት ይህንን ነበር፤ «አልቅሺ ልጄ፣ ዓይን ሲረጥብ ነው የሚያየው።» እኔን ግን እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ለቅሶ አልተቀመጥኩማ።

ለዓሣ ማጥመጃ ግን አልወደዷትም። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ከሥራቸው ሲርመሰመስ ስክሪኑ ላይ እያዩት ያልፉታል። ጓደኞቻቸው ይነዘንዟቸዋል።

«ጋሽ ይመር፣ ዓሣው የት ነው ያለው? ቲቪዋ ምን አለች?»

«ውኃ ውስጥ ነው አለች።»

ሲያጠብቁባቸው «ዓሣ ርዝቅ ነው፣ የአላህ ሲሳይ፤ ርዝቅ ደግሞ አይሰለልም» ይላሉ። ሦስት አራት ጠዋት ሌላ ሰው ይዟት ወጥቶ ጀልባ ሙሉ አምባዛ ይዞ ሲመለስ እንኳ ሐሳባቸውን አልለወጡም። የሚጠቀሙባት ጭጋግ ሲወርድ ብቻ ነው። የመጡበትን መስመር እያዩ ይመለሳሉ። «ዳልቻ ድሮ ራሱ ያውቀው ነበር፣ አሁን አረጀ» ይላሉ።

ከዚያ ጦርነቱ ወደ እኛ መጣ። ታጣቂዎቹ ሊገቡ ነው በተባለ ቀን እኔ እናቴን ይዤ በእግር ቀድሜ ወጣሁ። ኑሩ ባጃጅ ነጂ ነበር። «እናቴን በጀልባ ላሻግርና እደርስባችኋለሁ» አለኝ። እናቱን፣ እትዬ ዘሀራን፣ በመጀመሪያው ጀልባ አሻገረ። ራሱ የቀሩትን ሲያሳፍር ቆይቶ በመጨረሻው ላይ ወጣ። ጀልባው ከዐቅሙ በላይ ጭኖ ነበርና ሐይቁ ዳር ከበቀለው ደንገል ፊት ለፊት ተገለበጠ። የተረፉት ሁለት ዓይነት ወሬ ይዘው መጡ። አንዱ፣ ኑሩ ሲሰጥም በዓይኔ አይቻለሁ አለ። አንዷ ደግሞ፣ ዋኝቶ ደንገሉ ጋ ወጥቷል፣ እዚያ የጠበቁት ታጣቂዎች ይዘውት ሄደዋል አለች። ሁለቱም ማሉ። ሁለቱም የሚዋሹ ሰዎች አይደሉም። የሌሎቹ አስከሬን በኋላ በየዳርቻው እየተገኘ ተቀበረ። የእርሱ አልተገኘም።

ጋሽ ይመር አልሸሹም። «ዳልቻን ለማን ትቼ?» አሉ። ቲቪዋን ጎታ ውስጥ ከተው ማሽላ ደፉባት። የማኅበሩ ሞተሮች በሙሉ ሲወሰዱ እርሷ ከማሽላው ሥር ተረፈች።

ታጣቂዎቹ ወጥተው ስንመለስ ቤታችን በር አልነበረውም። የኑሩ ባጃጅ ጎማዋን ተነጥቃ ጓሮ ቆማለች። ጋሽ ይመር መጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ውኃ ሰጠኋቸው፣ ጠጡ። ስለ ኑሩ ምንም አላሉም።

«የባጃጇ ባትሪ አለ?» አሉኝ።

«አለ መሰለኝ።»

«ለቲቪዋ ነው። የእርሷን ወስደውታል።»

«ይውሰዱት።»

«በሥራ እመልሰዋለሁ» ብለው ተነሡ።

ምን ሥራ እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። በማግሥቱ ከሱብሂ ሰላት በኋላ ከሐይቁ ማዶ ብቻቸውን ሲቀዝፉ ታዩ።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ከዳር ተነሥተው ቀጥ ብለው እስከ ሌላው ዳር ይቀዝፋሉ። ስክሪኑ ላይ መስመር ይቀራል። «ተመለስ ዳልቻ» ብለው ያዞሩና ከዚያው መስመር አጠገብ ለጥቀው ይመለሳሉ። ገበሬ ትልም ከትልም ጋር እንደሚያገናኝ ማለት ነው። ወለሉ ላይ ጎበጥ ያለ ነገር ካዩ ይቆማሉ፤ ድንጋይ የታሰረበት መንጠቆ በረጅም ገመድ ያወርዳሉ። ለራሳቸው ዓሣ የሚያጠምዱት ይህን ከጨረሱ በኋላ ነው። ከተማው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ለመደው። «ጋሽ ይመር፣ ሐይቁን አርሰው ምን ሊዘሩ ነው?» ሲሏቸው «መጀመሪያ አረሙን ልንቀል» ይላሉ። ሐይቁ ዳር ባለው ገዳም በኩል ሲያርሱ አንድ መነኩሴ ከዳር ሆነው «ይመር፣ ከእኛ ውኃ ምን ጠፋህ?» አሏቸው አሉ። «የሰው ልጅ ነው አባ» አሉ። መነኩሴው «እንግዲያውስ የእኛን ወገን እኛም በጸሎት እናርስልህ» ብለው አማተቡላቸው። ይህን ሲያወሩልኝ ደስ ብሏቸው ነበር።

ሰው ሁሉ የሚጠይቃቸው አንድ ነገር ነበር። ጀልባው የተገለበጠው ከደንገሉ ፊት ነው፤ እርሳቸው ግን የጀመሩት ከተቃራኒው ዳር ነው። ሰይድም ጠየቃቸው። «ማሳ ከመሀል አይታረስም» አሉት። እኔም ይህን መልስ ተቀበልኩ።

ከተመለስን ወዲህ ከእኔ ጋር የሚኖሩት እትዬ ዘሀራ መጀመሪያ ሊያዩዋቸው አልፈለጉም። ልጄ በሕይወት አለ የሚሉ እናት ናቸው። ሰደቃ እንዲወጣለት እንኳ እሺ አላሉም፤ በሕይወት ላለ ሰው አይወጣም ብለው። አንድ ቀን ጋሽ ይመርን በር ላይ አስቁመው ተናገሯቸው።

«አንተ ይመር፣ ልጄን ዓሣ አደረግኸው?»

«ዘሀራ፣ ስሚኝ።»

«አልሰማህም። የሞተ ነው ብለህ ነው የምትፈልገው።»

«እኔ የምፈልገው እንዳላገኘው ነው» አሏቸው ጋሽ ይመር። «ይህን ሐይቅ ዳር እስከ ዳር አርሼ፣ የለም ብዬ እንድነግርሽ ነው። ያን ጊዜ ታጣቂዎቹ ይዘውት ከሄዱበት አገር ይፈለጋላ።»

እትዬ ዘሀራ ከበሩ ዘወር አሉ። ከዚያ «ግባ፣ ንፍሮ አለ» አሏቸው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መንጠቆው ነገር ባወጣ ቁጥር እኛ ቤት ብቅ ይላሉ። አይገቡም፤ ከደጅ ሆነው «ግንድ ነው» ይላሉ። እትዬ ዘሀራ ከውስጥ «አልሀምዱሊላህ» ይላሉ። ጋሽ ይመር ይሄዳሉ። አንዳንዴ የተቀደደ መረብ ነው፣ አንዳንዴ ጀሪካን፣ አንድ ጊዜ የበር መዝጊያ። አንድ ጊዜ የሴት ጫማ አወጡ፤ ባለቤቷ እስክትታወቅ ድረስ ለብዙ ጊዜ ማኅበሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ለሌሎቹ ቤተሰቦችም እንዲህ ነበሩ። ያገኙትን ይዘው የሚሄዱት እርሳቸው ናቸው፤ ሰው አይልኩም።

አንድ ጠዋት እኔንም ይዘውኝ ወጡ። «የምሠራውን እይ፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ፈረንጅኛም አንብቢልኝ፣ አንድ ጽሑፍ እየመጣ ያስቸግረኛል» አሉኝ። ጽሑፉ ባትሪ እያለቀ ነው የሚል ነበር። ነገርኳቸው። «ይህቺ ደግሞ እንደ ሚስቴ ናት፤ የምትናገረው ሲጎድላት ብቻ ነው» አሉ። ስክሪኑን አየሁት። የሐይቁ ቅርጽ በነጭ ነው፤ የታረሰው በጥቁር መስመር ተሞልቷል። ጥቁሩ ከነጩ በልጦ ነበር። በቀኝ በኩል ወለሉ እንደ ኮረብታ ከፍ ዝቅ እያለ ያልፋል። ጋሽ ይመር እየቀዘፉ በአምባሰል ቅኝት በአፍንጫቸው ያንጎራጉራሉ። ጎበጥ ያለ ነገር ሲመጣ ያቆማሉ፣ ሲያልፍ ይቀጥላሉ። እኔም ጎበጥ ያለውን እያየሁ አስተግፊሩላህ እላለሁ። ለምን እንደምል አላውቅም።

«ፈራሽ?» አሉኝ።

«አልፈራሁም።»

«እኔ እፈራለሁ» አሉ መቅዘፊያቸውን ሳያቆሙ። «ሲጀመር አልፈራም ነበር። አሁን እየጠበበ ሲመጣ እፈራለሁ።»

ያን ጊዜ የተናገሩት ገብቶኛል። በታረሰ ቁጥር ሐይቁ ባዶ ይሆናል፤ ሐይቁ ባዶ በሆነ ቁጥር ኑሩ በሕይወት የመኖሩ ነገር ይሰፋል። የቀረችው ቁራሽ ግን የታረሰውን ሁሉ ልታፈርሰው ትችላለች። እትዬ ዘሀራ ከዚያ ወዲህ መኝታ ቤቱን አጽድተው፣ አዲስ አንሶላ አንጥፈው ነበር። እኔ አላነጠፍኩም፤ አያንጥፉ አላልኩም።

ወደ ጅዳ ልሄድ ስል ልሰናበታቸው ወረድኩ። ማኅበሩ ቆሟል፣ የምመዝነው ዓሣ የለም፣ እናቴና እትዬ ዘሀራ የሚበሉት ከእኔ ነው። ጋሽ ይመር መረብ እየጠገኑ ነበር።

«ጨረሱ?» አልኳቸው።

«ትንሽ ቀረኝ።»

«አውፍ ይበሉኝ፣ አስቸገርኩዎ።»

«ባትሪሽን በሥራ እየከፈልኩ ነው፤ ምን አስቸገርሽኝ?» አሉና ዱአ አደረጉልኝ። ረጅም ዱአ ነበር። የመንገድ ነው፣ የሰው አገር ነው፣ የማያስለቅስ አሠሪ ነው። የኑሩን ስም አላነሡም።

ጁምዓ ጁምዓ ለእትዬ ዘሀራ ስደውል አንዳንዴ እርሳቸው ከጎናቸው ይሆናሉ። «ጋሽ ይመር፣ እንዴት ነው?» እላቸዋለሁ። «ትንሽ ቀረኝ» ይላሉ። በዓመቱም ትንሽ ቀረኝ። ከዚያም በኋላ ትንሽ ቀረኝ። ዕድሜያቸው ነው እል ነበር። ሲታመሙም፣ ደረታቸው ሲታፈን እየሰማሁት፣ «ትንሽ ቀረኝ፤ አብሽሪ» ነበር ያሉኝ። መጨረሻ የሰማሁት ቃላቸው እሱ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ባለው ሳምንት ሰይድ ደወለ። የጋሽ ይመር ሚስት ቲቪዋን ለማኅበሩ መልሰዋል። ሰይድ አሁን አስጋሪ ነው፤ ከፍቷት አያት።

«ሰዓዳ፣ ሐይቁ በሙሉ ጥቁር ነው» አለኝ። «በገዳሙ በኩል፣ በማዶው፣ ሁሉም ታርሷል። አንዳንዱ ሁለቴ ነው የታረሰው። ከደንገሉ ፊት ያለችው ብቻ ነጭ ናት። ጀልባው የተገለበጠባት።»

«ትንሽ ቀረኝ ይሉ ነበር።»

«ትንሽ ናት። አንድ ጠዋት የምትበቃ ናት። መስመሩ እዚያ እየደረሰ ነው የሚመለሰው፤ በየቀኑ አጠገቧ ደርሰዋል። እዚያ ሲደርሱ ያዞሩታል።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ። ሰይድ ቀጠለ።

«ለእትዬ ዘሀራ ነገርኳቸው። 'ይመር ያላረሰውን ማን ያርሳል? ተዉት' አሉ። አንቺ ምን ትያለሽ? አንቺ ተዉት ካልሽ ስክሪኑ ላይ ያለውን አጠፋዋለሁ፤ ማንም አያየውም።»

«ቆየኝ» አልኩት።

አላህ መንገዱን እንዲመርጥልኝ ኢስቲኻራ ሰገድኩ። በማግሥቱም ሰገድኩ። ያየሁት ሕልም የለም፤ ልቤም ወደዚህ ወይም ወደዚያ አላለም። በቀን ሥራዬን ሠራሁ። ጋሽ ይመርን አልወቅሳቸውም። የእትዬ ዘሀራን «አልሀምዱሊላህ» በየጊዜው ከደጅ ሆኖ የሰማ ሰው ነው ያዞረው። ምናልባት እዚያ ምን እንዳለ ያውቁ ነበር፤ ምናልባትም እንደኛው አያውቁም ነበር። ይህን አሁን የሚነግረኝ የለም። እኔ ግን እዚህ ባል አለሽ ወይ ሲሉኝ፣ አልሀምዱሊላህ ብዬ ዕቃ አነሣለሁ። አለኝም የለኝም ማለት አይደለም። እትዬ ዘሀራ እናት ናቸው፤ እናትነት በመጠበቅ አይቋረጥም። እኔ የምጠብቀው ደግሞ እንዲታወቅ ነው፤ የተባልኩት እስኪታወቅ ነው።

ለሰይድ ደወልኩለት።

«ጨርሳት» አልኩት።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ጨርሳት። ምንም ብታገኝ ከእኔ በፊት ለእትዬ ዘሀራ ንገራቸው። አንተው ራስህ ደጃፋቸው ሂድ፤ ሰው እንዳትልክ።»

«እሺ። ነገ ከሱብሂ በኋላ እወጣለሁ።»

ማታ ዒሻ ሰግጄ እጄን ዘረጋሁ። ለጋሽ ይመር የሞተ ሰው ዱአ አደረግሁላቸው፤ ቀብራቸው እንዲሰፋ፣ አላህ እንዲምራቸው። ለኑሩ እስከ ዛሬ የማደርግለት የመንገደኛ ዱአ ነው፤ ከክፉ እንዲጠብቀው፣ በሰላም እንዲያገባው። ዛሬም እሱኑ አደረግሁለት። የነገውን ነገ፣ ሰይድ ሲደውል።